አንኮበር፦ ነጋዴው መንገድ የቀየረባት በር

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዙ ደጋው ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር እስከ አፋር በረሃ የሚዘልቅ ቆላ። አንኮበር የተቀመጠችው እዚህ ጫፍ ላይ ነው። ስሟ አንኮ ከምትባል የኦሮሞ ንግሥት እንደመጣ ይነገራል፤ የአንኮ በር። ንግሥቲቱን ለአፈ ታሪክ እንተዋት፣ በሩ ግን እውነተኛ በር ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) ከአንኮበር ሆነው ሸዋን ሲገዙ፣ የውጭ ሰው ለመግባትም ለመውጣትም የንጉሡን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። የምሥራቁን ዳርቻ የሚጠብቁት የኢፋቱ ሹም ወላስማ መሐመድ ነበሩ፤ የክርስቲያኑን ንጉሥ ደጅ የሚጠብቅ ሙስሊም ባላባት! በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን ያቋረጠው የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ደጋውን የወጣው በንጉሡ ቃል ነው። ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል በኅዳር 1834 ዓ.ም. ተፈራረመ።

የቤተ መንግሥቱ ወግ ሲነገር ግን አልዩ አምባ ትረሳለች። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው ይህች የነጋዴዎች ከተማ ባትኖር፣ ንጉሡ ከአምባው ላይ ምን ይቀርጡ ነበር? የአፋር ግመሎች ከአሳል ሐይቅ ጨው ያመጣሉ፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሰውም ይወርድ ነበር፤ በአቅራቢያው አብዱል ረሱል የተባለ የባሪያ ገበያ ነበረ። ይህን ሳይናገሩ የአንኮበርን ብልጽግና ማወደስ ግማሽ ታሪክ ነው።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው የ11 ዓመቱን ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ ምሽግ ከመቅደላ አምልጠው የአያታቸውን የሣህለ ሥላሴን ዙፋን ያዙ፤ ኋላ ግን ወደ እንጦጦ ሄዱ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ብዙዎች የአንኮበርን መደብዘዝ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። በእኔ ግምት ክፉኛ የጎዳት ሌላ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ሐረር በምኒልክ ስትያዝ ነጋዴው ሌላ መንገድ አገኘ፣ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ ነገሩን ጨረሰው።

ከአንኮበሩ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ዛሬ የቆመው የግንብ ቁራጭ ነው፤ ኮረብታው ላይ እንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል። በገደሎቹ ላይ ስሟን ከአንኮበር የወሰደች፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማትገኝ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። ወደዚያ ከሄዱ ግንቡን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ አልዩ አምባም ይውረዱ።