ዳፊ-አልባነት ምንድን ነው?

የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የቡልቡላ ከተማ ከወንዙ ጋር ስም ትጋራለች። አካባቢው እንደ ቀሩት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባ የሚበረታበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቡልቡላ ጤና ጣቢያ ከቢሾፍቱ ጋር ለአንድ የመድኃኒት ጥናት ተመርጦ ነበር፤ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት ለማከም ክሎሮኪንና ኮአርተም የተወዳደሩበት ጥናት።

እዚህ ላይ ከመድኃኒቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ቫይቫክስ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። በኢትዮጵያ ግን ፋልሲፓረም ከተባለው የወባ ዓይነት ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያሳምመው እሱ ነው። ትንኟም ሙቀቱም እዚያም እዚህም አለ። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው በሰው ደም ውስጥ ያለ አንድ ዘረመል ነው።

ይህ ዘረመል በአንደኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። የዛሬው ይፋዊ ስሙ ኤሲኬአር1 ሲሆን የቆየውና የታወቀው ስሙ ዳፊ ነው። ዳፊ እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት የደሙን ጠባይ የገለጸለት የአንድ የሄሞፊሊያ ታካሚ የቤተሰብ ስም ነው። ታካሚው ደም ከተሰጠው በኋላ ሰውነቱ በተሰጠው ደም ላይ መከላከያ አዘጋጅቶ ተገኘ። ስለዚህ ዳፊ መጀመሪያ የታወቀው እንደ ኤ፣ ቢ እና ኦ እንደ አንድ የደም ዓይነት ነበር። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም።

ሥራው የታወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰው ሲቆስል ወይም ጀርም ሲገባበት የተጎዳው ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። ያን ጊዜ የተጎዱት ሴሎች ኬሞካይን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ፤ ነጭ የደም ሴሎችም እነሱን ተከትለው ወደ ቦታው ይደርሳሉ። ኬሞካይንን በአማርኛ «ጠሪ ፕሮቲን» ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጻል። በነጭ የደም ሴል ላይ ያለው መደበኛ ተቀባይ ጠሪውን ሲይዝ ወደ ሴሉ ውስጥ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ዳፊ ግን ይይዛል እንጂ ትእዛዝ አያስተላልፍም። ይፋዊ ስሙ ውስጥ «ኢመደበኛ ተቀባይ» የሚለው የገባው ለዚህ ነው። እኔ «ጠሪ ያዥ» ብዬ ልተረጉመው እመርጣለሁ።

በቀይ የደም ሴል ላይ ያለው ጠሪ ያዥ እንደ ጎተራ ነው፤ በደም ውስጥ የተረፈውን ጠሪ ፕሮቲን ያከማቻል፣ ሲያንስ ይለቃል። በትንንሽ የደም መልስ ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። ጠሪውን ከተጎዳው ሥጋ በኩል ተቀብሎ ወደ ደሙ በኩል ያሻግራል፤ የሚያልፈው ነጭ ሴል እዚያው ያገኘዋል።

የቫይቫክስ ተውሳክ ወደ ቀይ ሴል ለመግባት የሚይዘው ይህንኑ ዳፊን ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ከጣት የወሰደውን የደም ጠብታ በመስታወት ላይ አስጥቶ፣ በጊምሳ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ በቫይቫክስ የተያዘው ቀይ ሴል ከጎረቤቶቹ ተለቅ ብሎ፣ ደቃቅ ሮዝ ነጠብጣብ ተዘርቶበት ይታያል። ተውሳኩ የሚመርጠው ገና ከመቅኔ የወጡ ወጣት ቀይ ሴሎችን ነው። እነዚያ ሴሎች ላይ ዳፊ ከሌለ የተለመደው መግቢያው ተዘጋ ማለት ነው።

ዳፊ-አልባነት የሚባለው ይህ ነው፤ በላብራቶሪ ቋንቋ «ዳፊ ኔጋቲቭ»። የሚመጣው ከአንዲት ፊደል ነው። ዘረመሉ ሥራ እንዲጀምር በሚታዘዝበት ቦታ ላይ ቲ የነበረችው ፊደል በሲ ትተካለች፤ ያን ጊዜ በቀይ ሴል ፋብሪካ ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጠው ፕሮቲን የሚያርፍበት ያጣል። የሚያስገርመው ጉድለቱ በቀይ ሴል ብቻ መወሰኑ ነው። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ዳፊ እንደ ወትሮው ይሠራል። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዳፊ-አልባ ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ ያለውና የሌለው በአንድ መንደር፣ በአንድ ቤት ውስጥም አብረው ይኖራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ጥናት ዳፊ-አልባ ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ ካሳየ በኋላ ለረጅም ጊዜ «ዳፊ-አልባ ከሆንክ ቫይቫክስ አይነካህም» ተብሎ ተያዘ። ይህ እምነት ዛሬ አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር፣ ከዚያም ከኢትዮጵያ ጭምር ዳፊ-አልባ ሆነው ቫይቫክስ የያዛቸው ሰዎች በጥናት ተገኝተዋል። ቁጥራቸው ያነሰ ነው፣ በደማቸው የሚገኘው ተውሳክም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ይታመማሉ። ጥቂት መሆኑ ራሱ ችግር አለው፤ በማይክሮስኮፕ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል።

እኔን ከወባው ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዳፊ-አልባነት ጋር የሚመጣው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ወባ በማይደርስበት ደጋ፣ በውጭ አገርም የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ይነካል። ዳፊ-አልባ ሰው በደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሴል ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዘረመሉ ጋር ተያይዞ ታወቀ። ሴሎቹ ከደም ወደ ሥጋ ቶሎ ስለሚሻገሩ በደም ምርመራ ላይ ያንሳሉ እንጂ ሰውየው መከላከያ አላጣም፤ ከሌላው ይበልጥ ለኢንፌክሽን አይጋለጥም። የመደበኛው ቁጥር መለኪያ ግን በአብዛኛው ዳፊ ባላቸው አውሮፓውያን ደም ላይ የተሠራ ነበር። ስለዚህ በማይክሮሊትር ከ1,500 በታች የተገኘበት ጤነኛ ሰው «ደምህ ጎድሏል» ይባላል፣ ለመቅኔ ምርመራ ይላካል፣ የካንሰር መድኃኒቱ ይቀነስበታል ወይም ይዘገይበታል።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሆነው ክሎዛፒን ነገሩን ያጎላዋል። መድኃኒቱ ኒውትሮፊልን ሊያወርድ ስለሚችል የደም ቆጠራ ክትትል ይደረግበታል፤ በተፈጥሮው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ታካሚም መድኃኒቱን ይከለከል ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለእነዚህ ታካሚዎች ዝቅ ያለ ወሰን አወጣ። ቀድሞ «በጎ የዘር ኒውትሮፔኒያ» ይባል የነበረውንም ብዙ ሐኪሞች ትተው «ከዳፊ-አልባነት ጋር የተያያዘ የኒውትሮፊል ቁጥር» ማለት ጀምረዋል። ትክክል አድርገዋል። በሽታ ያልሆነን ነገር በበሽታ ስም መጥራት ታካሚን ይጎዳል።

እንግዲህ ለአንባቢ ሁለት ነገር ልበል። ቫይቫክስ ተገኘብህ ከተባልክ የዳፊ ዓይነትህ ምንም ይሁን ምን ሕክምናህን አታቋርጥ፤ ተውሳኩ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ፕሪማኪን የታዘዘልህ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ቀን ዋጠው። ነጭ የደም ሴልህ አንሷል ከተባልክ ደግሞ ያለፉትን የምርመራ ወረቀቶችህን ይዘህ ለሐኪምህ አሳይ፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ያው ከሆነና ሕመም ከሌለህ «ዳፊ-አልባ ልሆን እችላለሁ ወይ?» ብለህ ጠይቅ።