ክፍት ትምህርት፦ የቃሉ ፍችና የሐይቅ አብነት

«ክፍት ትምህርት» የሚባለው ማንኛውም ፈላጊ ያለ ክፍያና ያለ መግቢያ ፈተና የሚደርስበት፣ ባለመብቱ በሰጠው ፈቃድ መጠንም ሊያባዛው፣ ሊተረጉመውና ለአካባቢው እንዲስማማ አድርጎ ሊያሻሽለው የሚችል የትምህርት ይዘትና አሰጣጥ ነው። በልማድ «ነፃ ትምህርት» እየተባለ ቢጠራም «ነፃ» ገንዘብ አለመከፈሉን ብቻ ስለሚያመለክትና የማባዛትና የመተርጎም መብትን ስለሚያስቀር «ክፍት» የሚለው ይመረጣል። ዩኔስኮ በ2002 እ.ኤ.አ. ለመማሪያ ጽሑፎችና ምስሎች ያወጣው ስያሜ በዚሁ መሠረት «ክፍት የትምህርት ሀብቶች» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ሙክ» የሚባለው ደግሞ «ሰፊ ክፍት የኦንላይን ኮርስ» ሊባል ይችላል፤ ስያሜው የወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ 25 ያህል ተማሪዎች ከፍለው፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ሌሎች ደግሞ ሳይከፍሉ ለተከታተሉት ኮርስ ነው።

ሐሳቡ በወሎ ላሉት ለሐይቅና ለአምባሰል እንግዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ደቀ መዛሙርት፣ በትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ጭምር፣ ያለ ክፍያ ተምረዋል፤ መጻሕፍትም በእጅ እየተገለበጡ ወደ ሌሎች ገዳማት ተዳርሰዋል። አቡኑ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈው ወንጌል ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ በ1832 ቁጥር ተመዝግቧል። አሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው ከእነዚህ ማይክሮፊልሞች ስብስብ ብዙው ዛሬ በነፃ ለተመዘገበ ሰው በኢንተርኔት ይታያል፤ ሴቶች በማይገቡበት ገዳም የነበረ ጽሑፍ ለሴት ተመራማሪ የሚደርሰውም በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም የብራናው ምስል ግእዝ አያስተምርም፤ በጥንቱ ሥርዓት መጽሐፉ አጠገብ የኔታ ነበሩ፣ ተማሪው ሲስት የሚያርሙ፣ ሳይገባው ወደሚቀጥለው የማያሳልፉ።

የኦንላይን ኮርሶች ዋና ድካምም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከሚመዘገበው ሰው እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር፣ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ኮርሱንም የምስክር ወረቀቱንም ያለ ክፍያ ማቅረቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በብዙዎቹ የውጭ መድረኮች የምስክር ወረቀት የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ለዚህ የሚያገለግል የባንክ ካርድ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁንና በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት መቋረጡ፣ መስመር ከሌለ የትኛውም ኮርስ ዝግ መሆኑን አሳይቷል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀና በቪዲዮ የተሞላ ኮርስ ብዙ ዳታ ከመብላቱም በላይ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ወደ አማርኛ መመለስ አይቻልም፤ በዚህ ረገድ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍና መምህሩ እንደ ክፍሉ ሁኔታ የሚያስተካክለው ተራ የጽሑፍ መማሪያ፣ ለሐይቅ ተማሪ ከስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ይልቅ ክፍት ሊባል ይገባዋል።