የቢሮ ኢሜይል አድራሻ መዝገብ ነባሪ ቅንብር

የአድራሻ መዝገብ ነባሪ ቅንብር ሠራተኛው የተቀባይ ስም ሲጽፍ ወይም መዝገቡን ሲከፍት የኢሜይል ፕሮግራሙ የትኛውን ዝርዝር አስቀድሞ እንደሚያይ የሚወስን ምርጫ ነው። በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የኢሜይል አገልጋይ በሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ሁለት ዓይነት ዝርዝር አለው፦ የአይቲ ክፍሉ የሚያስተዳድረው የመላው ሠራተኛ የጋራ ዝርዝርና ራሱ ያጠራቀማቸው የግል አድራሻዎች።

በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው ክላሲክ አውትሉክ የኢሜይል ፕሮግራም መዝገቡ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎች ይከፈታል። በመስኮቱ የምርጫዎች ገጽ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መዝገቡ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው ዝርዝር ነው፤ ይህ ከአመቺነት አያልፍም። ሁለተኛው ስም ሲጣራ ዝርዝሮቹ የሚፈተሹበት ቅደም ተከተል ነው፤ ደብዳቤው ማን እጅ እንደሚገባ የሚወስነው ይኸኛው ነው። ለምሳሌ አንዲት ጸሐፊ «ሰላማዊት» ብላ ጽፋ ኮንትሮልና ኬን ስትጫን አውትሉክ ስሙን ባገኘበት ዝርዝር ላይ ፍለጋውን ያቆማል። የግል አድራሻዎች ከቀደሙ፣ ከዓመታት በፊት ሥራ የለቀቀችው ሰላማዊት አድራሻ ተመርጦ የጨረታ ሰነዱ ወደ እርሷ ሊሄድ ይችላል። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የጋራው ዝርዝር መቅደም ያለበት ስለዚህ ነው።

ሆኖም ቅደም ተከተሉ ሁሉን አይፈታም። ስም ሲጻፍ ከሥር ብቅ የሚሉት ጥቆማዎች ቀድሞ ከተጻፈላቸው ሰዎች የተጠራቀሙ ናቸው፤ ክላሲክ አውትሉክ እስከ 1000 ያህል ይይዛል። ያረጀ ጥቆማ ከጎኑ ባለው የኤክስ ምልክት ይሰረዛል። የጋራው ዝርዝር ራሱም ኮምፒዩተሩ ላይ በቅጂ ስለሚቀመጥና አውትሉክ ቅጂውን በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለሚያድስ፣ ትናንት የተቀጠረ ሰው ዛሬ ላይታይ ይችላል።

ትልልቅ ድርጅቶች ከኤክስቼንጅ 2010 ሁለተኛ የአገልግሎት ጥቅል ጀምሮ የአድራሻ መዝገብ ፖሊሲ የሚባል መሣሪያ አላቸው። ፖሊሲው ለሠራተኛው አንድ የጋራ ዝርዝር፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ አንድ ቅጂ፣ አንድ የስብሰባ ክፍሎች ዝርዝርና ሌሎች የአድራሻ ዝርዝሮች ይመድባል፤ በአንድ አገልጋይ የሚጠቀሙ ሁለት እህት ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ሠራተኞች ሳያይ እንዲሠሩ ያስችላል።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ትልቁ ጣጣ የስም አሞላል ነው። የመዝገቡ ቅጽ የተቀረጸው የቤተሰብ ስም ለሚጠቀሙ አገሮች ነው፤ የአባት ስም ቀድሞ ከተሞላ ሠራተኛው በዝርዝሩ ውስጥ በአባቱ ስም ይሰለፋል፣ ባልደረቦቹ ግን የሚፈልጉት በራሱ ስም ነው። በፊደልም ቢሆን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ኮዶች ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ የአይቲ ክፍሉ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ተስማምቶ በሠራተኛው መታወቂያ ላይ ያለውን አጻጻፍ መያዝ፣ የሠራተኛውን ስም ከአባቱ ስም ማስቀደምና የሥራ ክፍሉን ከጎኑ መጨመር ይኖርበታል፦ «አበበ ከበደ (ግዥ)»፣ «አበበ ከበደ (ሒሳብ)»።