ሳይለይ የሚያልፍ ልጅ

ጉለሌ ውስጥ አንድ ልጅ ሦስት ዓመት አልፎት አልናገር ካለ፣ ወይም ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል አልያዝ ካለው፣ ወላጅ ሁለት መንገድ አለው፦ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ጸበል፣ ቁልቁል ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል። ብዙዎች ሁለቱንም ይሄዳሉ፤ ነውር የለበትም። የሚገርመው ልጁ በየቀኑ የሚውልበት ትምህርት ቤት ሦስተኛ መንገድ አለመሆኑ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቤተ ክህነት ትምህርት ዐይነ ስውሩን አልገፋም። ዜማውም ቅኔውም በቃል ስለሚያዝ፣ ማየት የተሳነው ተማሪ ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ይቀጽል ነበር፤ ለመምህርነት የበቃውም ጥቂት አይደለም። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ሰሌዳና ደብተር መጣ። ለማያይና ለማይሰማ ልጅ የሚሆን ወንበር አልነበረም። ክፍተቱን ሚሲዮናውያንና በጎ አድራጊዎች ለብቻው በቆመ ትምህርት ቤት ሞሉት፤ ሰበታ ለዐይነ ስውራን፣ መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው።

እነዚህ ችግራቸው ጎረቤት ሳይቀር የሚያውቀው ልጆች ናቸው። ችግሩ የማይታየው ልጅ ግን ተራ እስኪደርሰው ብዙ ጠበቀ። ለአእምሮ ዕድገት ውስንነት በኮከበ ጽባሕ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል የተከፈተው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ለኦቲዝም ደግሞ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጆይ ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። የመንግሥትን ሥራ አንዲት እናት ሠራችው ማለት ነው።

ወረቀት አላነሰንም። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሚያዝያ 1986 ወጣ፤ ዓለም ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ልጆችን ሳይነጥሉ አብሮ ስለማስተማር የተስማማበት የሳላማንካ መግለጫ እንኳ የተከተለው ሰኔ ላይ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ተጽፎ በ2004 ተሻሻለ፤ በመካከሉ፣ በ2002፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን አጸደቀች። ግን ድጋፍ የሚጀምረው ከልየታ፣ የልጁን ችግር ለይቶ ከማወቅ ነው። ልየታው የወደቀው ደግሞ ክፍሏ በልጅ በተጨናነቀባት የአንደኛ ክፍል መምህርት ላይ ነው። መመዘኛውም አያግዛትም፤ ለውጭ አገር ልጅ የተዘጋጀ ምዘና አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ እንዳለ አይሆንም። ስለዚህ መስማቱ የቀነሰው «እልኸኛ»፣ ፊደል የሚምታታበት «ሰነፍ» ይባላል፤ ክፍል ይደግማል፣ ከዚያም ይቀራል።

የወላጅ ሀፍረትም ሌላ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር፤ 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፣ ከሩብ የሚበልጡት ለመደበቅ ሞክረዋል። አልፈርድባቸውም፤ የሚፈርደው ሰፈሩ ነውና።

የጉለሌ ወላጅ ሆይ፣ አስቀድመው የልጅዎን ጆሮና ዐይን ያስመርምሩ፤ «ስንፍና» የተባለው አንዳንዴ እዚያ ያልቃል። የሐኪሙን ወረቀት አያይዘው ልጅዎ እንዲገመገምና ድጋፍ እንዲያገኝ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ግልባጩንም በእጅዎ ያስቀሩ። ምላሽ ካጡ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ልጁ ክፍል እስኪደግም ግን አይጠብቁ።