የእንጦጦ ማርና የበዓል ብርዝ

ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው ባላገር ለንጉሥ የሚያገባው ነው፤ ሁለተኛው ንጉሥ ለሕዝብ የሚያበላው ነው። ማር በሁለቱም ውስጥ ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑባት በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በነበረው ቤተ መንግሥት፣ ከየአገሩ በግብር የገባው ማር ጠጅ ሆኖ በግብር ይወጣ ነበር።

በዚያ ዘመን ጠጅ በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበረ፤ ድኻው ጠላውን ይጠጣ ነበር። ኋላ ግን ሥርዓቱ ላልቶ እመቤቶች ለገናና ለፋሲካ በየቤታቸው ጠጅ ይጥሉ ጀመር። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑታል፤ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ይበርዛሉ። ጌሾው ሳይገባበት ግን ለሕፃናት ይቀዳል፤ ብርዝ የሚባለው ይህ ነው። ከረሜላ ባልነበረበት ዘመን የልጆች የበዓል ጣፋጭ እርሱ ነበረና፣ እኔስ ከጠጁ ይልቅ አከብረዋለሁ።

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በየገበያው በዛ፤ አንዳንዱ ጠጅ ሻጭም ማሩን በስኳር ተካ። ስለዚህ ዛሬም ለበዓል በቤቷ የምትጥል እናት ማሩን ከነሰፈፉ ታስመጣለች፤ ለልጆቿም አስቀድማ ትቀዳለች።