ዝንብን ለምስክርነት ያበቃው ጉባኤ

ከፓሪስ በስተምሥራቅ ሮኒ ሱ ቧ የምትባል ከተማ አለች። ዣንዳርሜሪ የሚባለው የፈረንሳይ ፖሊስ ኃይል የወንጀል ምርምር ተቋም ለብዙ ዓመታት መቀመጫው እዚያ ነበር። በሜይ 2002 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ የፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ ማኅበር በዚህችው ከተማ ተመሠረተ። የዚህ ሙያ ሰዎች ከአስከሬን ላይ ዝንብ፣ ትልና ጥንዚዛ ለቅመው፣ ሟቹ ከሞተ ስንት ቀን እንዳለፈው ለፖሊስና ለፍርድ ቤት የሚያስረዱ ናቸው።

የማኅበር ምሥረታ ዜና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ተጽፎለት ይታለፋል። ይህኛው ግን እንዲያ ሊታለፍ አይገባውም። ከጀርባው የመቶ ሃምሳ ዓመት የብቸኝነት ታሪክ አለ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሐኪም ወይም አንድ የነፍሳት አዋቂ ብቻውን ትሉን አይቶ፣ ብቻውን አስልቶ፣ ብቻውን ችሎት ፊት ይቆም ነበር። ቃሉን የሚመዝንለት፣ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚለው የሙያ ባልደረባ እምብዛም አልነበረውም። በዚያ ቃል ግን ሰው ይታሰራል፣ ይሰቀላል፣ ወይም በነፃ ይሄዳል።

ዝንብ ለወንጀል ምርመራ ሲረዳ በጽሑፍ የተገኘው ቀደምት ታሪክ የቻይና ነው። ሶንግ ሲ የተባለ ዳኛ በ1247 ለመርማሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ተርኮታል። አንድ ሰው በስለት ተቆራርጦ ተገደለ። መርማሪው የመንደሩን ሰው ሰብስቦ እያንዳንዱ ማጭዱን አምጥቶ ፊቱ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ወቅቱ ሞቃት ነበር። ከሰባ፣ ሰማንያ ማጭድ መካከል ዝንብ የሰፈረው በአንዱ ብቻ ላይ ነው። የማጭዱ ባለቤት ከሟቹ ገንዘብ ሊበደር ጠይቆ የተከለከለ ሰው ነበር፤ በመጨረሻም አመነ። ደሙ ቢታጠብም ሽታው አልለቀቀም ነበር። አባቶቻችን ወንጀለኛ ሲጠፋ አፈርሳታ ብለው አገሬውን አንድ ሜዳ ላይ ያስቀምጡ የነበረበትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ትዕይንቱ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1850 በምሥራቅ ፈረንሳይ አርቧ በተባለች ከተማ አንድ ቤት ሲታደስ ከምድጃው ጀርባ የደረቀ የሕፃን አስከሬን ተገኘ። የከተማው ሐኪም በርዠሬ አስከሬኑን መርምሮ የሥጋ ዝንብ ቅርፊትና የእሳት ራት ትሎች አገኘ። ዝንቦቹ እንቁላላቸውን የጣሉት በ1848፣ የእሳት ራቶቹ ደግሞ በ1849 ነው ብሎ ደመደመ። ጥርጣሬው ከኋለኞቹ ነዋሪዎች ላይ ተነሥቶ በ1848 በቤቱ ይኖሩ በነበሩት ላይ አረፈ።

በርዠሬ ቅን ሰው ነበር። ጥናቱ ገና ያልተሠራበት መሆኑንም አልደበቀም። ስሌቱ ግን የቆመው፣ ዝንብ ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል በሚል እምነት ላይ ነው። በሞቃት ወቅት ጥቂት ሳምንታት እንደሚበቁት ዛሬ እናውቃለን። በዚያን ጊዜ አጠገቡ ዝንብ አርብቶ ቀኑን የቆጠረ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ የሰዎች ዕጣ በግምት ላይ ባልተንጠለጠለ ነበር።

ከእሱ በኋላ የተነሣው ዣን ፒየር ሜኛን የፈረንሳይ ጦር የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ሜዳ ላይ የቀረ አስከሬን በስምንት ተራ የነፍሳት ወረራ እንደሚበላ አስተማረ። መጽሐፉ ከአገር አገር ተሻገረ። ሞንትሪያል ላይ ጆንስተንና ቪልኔቭ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በራሳቸው አገር ሞክረውት፣ የፓሪሱን ሰንጠረዥ እንዳለ መውሰድ አደገኛ መሆኑን አሳሰቡ። በሙያው ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥራ የመፈተሽ ልማድ የጀመረው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሰሚ ያገኘው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው።

ሙያውን በዓለም ያስጠራው ጉዳይ የመጣው በ1935 ነው። ሴፕቴምበር 29 ቀን በደቡብ ስኮትላንድ፣ ሞፋት አጠገብ፣ በድልድይ ላይ ታልፍ የነበረች ሴት ከታች ከጅረቱ ዳር የሰው ክንድ አየች። ፖሊስ ሲወርድ የሁለት ሴቶች ቁርጥራጭ አካል በጨርቅና በጋዜጣ ተጠቅልሎ አገኘ። ገዳዩ አካል መቆራረጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ማንነታቸውን የሚገልጡ ምልክቶችን ለይቶ አጥፍቷል። ከመጠቅለያዎቹ አንዱ የሴፕቴምበር 15 ቀን ሰንደይ ግራፊክ ጋዜጣ ነው። ያ እትም ደግሞ ለላንካስተርና ለሞርካም አካባቢ ብቻ የታተመ ልዩ ቅጂ ነበር። ላንካስተር ውስጥ በክ ራክስተን የተባለ ሐኪም ባለቤቱና የቤት ሠራተኛዋ «ጠፍተውበታል»።

ከአስከሬኖቹ ላይ የተለቀሙት ትሎች ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ወደነበረው ወደ ዶክተር አሌክሳንደር ሚርንስ ተላኩ። ሚርንስ ትሎቹ የሰማያዊው ዝንብ ልጆች መሆናቸውን ለየ፤ ዕድሜያቸውንም ከ12 እስከ 14 ቀን ገመተ። ከሴፕቴምበር 29 ወደኋላ ሲቆጠር ሁለቱ ሴቶች ከጠፉበት ሰሞን ጋር ይገጥማል። ትል ብቻውን ሲሆን የሚያድገው በአካባቢው ሙቀት ልክ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል፣ ሙቀት ያፈጥነዋል፤ ብዙ ሆኖ ሲከማች ደግሞ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ የትል ዕድሜ የሚናገረው ሟቹ «ቢያንስ ከዚህን ያህል ቀን በፊት ሞቷል» የሚለውን ነው፤ ሰዓቱን ቆርጦ አይናገርም። በራክስተን ጉዳይ ይህ ድክመት ያልጎዳው ጋዜጣው፣ የጣት አሻራውና ከባለቤቱ ፎቶግራፍ ጋር የተነጻጸረው የራስ ቅል ሁሉ ወደ አንድ ቤት ስላመለከቱ ነው። ሐኪሙ ሜይ 12 ቀን 1936 ማንቸስተር ውስጥ ተሰቀለ። ትሎቹ ዛሬም ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ የሚርንስን ሥራ ልመርምር የሚል ባለሙያ ሄዶ ማየት ይችላል።

ማስረጃን ለኋላ መርማሪ ማስቀመጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው ካናዳ ነው። በጁን 1959 ኦንታሪዮ ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተገድላ ተገኘች። የአሥራ አራት ዓመቱ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስቲቨን ትራስኮት ተከሶ በስቅላት እንዲቀጣ ተፈረደበት። የአስከሬን መርማሪው በሆድ ዕቃዋ ይዞታ ተመሥርቶ፣ የሞተችው ልጁ አብሯት በነበረበት ሰዓት ውስጥ ነው ብሎ ነበር። የሞት ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ትራስኮት ከአሥር ዓመት በኋላ በአመክሮ ወጣ፤ የነፍሰ ገዳይነት ስሙ ግን አብሮት ወጣ።

በዚያ ምርመራ ትሎች ተለቅመው ነበር፤ ቤተ ሙከራ ውስጥም ተረብተው ማስታወሻ ተይዞባቸዋል። ማስታወሻው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርብ የነፍሳት ባለሙያዎች ከሁለት ተከፈሉ። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 28 ቀን 2007 ትራስኮትን በነፃ ያሰናበተው በዋናነት የሆድ ዕቃው ማስረጃ ስለማያዛልቅ ነው። ሆኖም የዝንብ ሊቃውንቱ መከፋፈል ለሙያው ከባድ ጥያቄ ሆኖ ቀረ። የአውሮፓው ማኅበር በተመሠረተበት በ2002 በጋም ሳን ዲየጎ ውስጥ በአንድ የግድያ ችሎት ላይ የቀረቡ ባለሙያዎች በአንድ አስከሬን ላይ በተገኙ ነፍሳት ተመርኩዘው የተለያየ ቀን ተናግረዋል። አንድ ትል፣ አንድ አስከሬን፣ ብዙ መልስ! ዳኛው ማንን ይመን?

የጉባኤዎቹ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ በ1996 ብቃትን እየመዘነ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቦርድ አቋቁመው ነበር፤ የሰሜን አሜሪካ ማኅበርም ተመሥርቶ በየዓመቱ መሰብሰብ ጀመረ። የአውሮፓው ማኅበር የመጀመሪያ ስብሰባውን በ2003 ፍራንክፈርት ላይ አደረገ። ከዚያም የፍራንክፈርቱ የንስ አመንትና አምስት ባልደረቦቹ በ2007 የጋራ የአሠራር መመሪያ አሳተሙ።

መመሪያው ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። ለምሳሌ የተለቀመ ትል በቀጥታ አልኮል ውስጥ አይነከርም፤ መጀመሪያ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውኃ ይገደልና ከዚያ በኤታኖል ይቀመጣል። በሕይወቱ አልኮል ውስጥ የገባ ትል ይኮማተራል፣ ይጠቁራል። ዕድሜው የሚገመተው በርዝመቱ ስለሆነ የተኮማተረ ትል ከዕድሜው ያነሰ ይመስላል፤ ሟቹም የሞተው ከእውነተኛው ቀን በኋላ ተደርጎ ይቆጠራል። አንድ ንጹሕ ሰው በቦታው ያልነበረበት ቀን፣ በአንድ ጠርሙስ አልኮል ምክንያት ወደነበረበት ቀን ሊዞር ይችላል። ከትሎቹም የተወሰኑት በሕይወት ተይዘው ዝንብ እስኪሆኑ ይጠበቃሉ፣ ዝርያቸው እንዲለይ። የቦታው ሙቀትም ይመዘገባል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ቢያውቀው ለራሱ ነው፤ በጉባኤ ሲጸድቅ ግን ጠበቃ ተነሥቶ «ለምን እንዲህ አላደረግህም?» ብሎ የሚጠይቅበት መለኪያ ይሆናል።

በ2008 ደግሞ ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሼራ ቫንላርሆቨን እውነተኛው መልስ ከገማቹ ተደብቆ ግምቱ የሚፈተንበትን ጥናት አሳተመች። ከ1850 ጀምሮ ሊደረግ ይገባው የነበረ ፈተና ነው ብዬ አምናለሁ።

የሙያው ሰዎች ዛሬ አጥብቀው የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የአንዱ አገር ሰንጠረዥ ለሌላው አያገለግልም። በፍራንክፈርት ሙቀት የተቆጠረ የትል ዕድሜ ለአፋር ቆላም ሆነ ለአዲስ አበባ ደጋ እንዳለ አይወሰድም። በአገራችን በወባ ትንኝና በሰብል ተባይ ላይ የደከሙ የነፍሳት ተመራማሪዎች አሉ። ዝንብ ማርባትና ሙቀት መመዝገብ ለእነሱ አዲስ ሙያ አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የነፍሳት ጥናት መምህራን፣ የአስከሬን ምርመራ ሐኪሞችና የፖሊስ መርማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ በየወረዳው በአስከሬን ላይ የሚያርፉትን ዝንቦችና የሚያድጉበትን ሙቀት መመዝገብ ይጀምሩ። የሚያስቡበት ካሉ ዛሬውኑ ይገናኙ።