የኮማንዶው ጩቤ በምን ይታወቃል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ኮማንዶዎች የታጠቁትን ጩቤ የነደፉት በሻንጋይ ፖሊስ ያገለገሉት ፌርቤርንና ሳይክስ ናቸው፤ የለንደኑም ዊልኪንሰን ሰይፍ ፋብሪካ በ1941 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ይሠራው ጀመር። ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚሹት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ ጥቂት ስለ ሆነም አስመሳዮቹ በዝተዋል።

ብዙ ሰው በስለቱ ላይ የተቀረጸውን ስም ያያል። እኛ ግን ጽሕፈት ኋላም ሊጨመር ይችላልና አስቀድሞ ቅርጹ ይመርመር እንላለን። የመጀመሪያው ዓይነት የእጅ መከላከያው ሁለት ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ የታጠፉ ናቸው፤ ከእርሱም ቀጥሎ የስለቱ ሥር ሳይሳል ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል። በሁለተኛው ዓይነት መከላከያው ቀጥ አለ፥ ጠፍጣፋውም ቀረ፤ ጦርነቱ ብዙ ጩቤ በቶሎ ይፈልግ ነበርና። በሦስተኛው እጀታው ባለ ቀለበት ሆኖ ከቅይጥ ማዕድን ተቀልጦ ወጣ።

እንግዲህ ባለ ቀለበት እጀታ ጩቤ አምጥቶ «ይህ የመጀመሪያው ነው» የሚለን ቢኖር፥ ስሙ ምንም ያህል አምሮ ቢቀረጽበት አንቀበለውም።